በሰው ሶፋ ሀብታም ከሆነ ቤተሰብ የተላከ ምስጋና

ለተከበሩ የልጆችና የቤተሰብ የገቢ ድጋፍ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ በተለይም የወገብዎን ሁኔታ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ሶፋና ወንበር እያደስኩ የምኖር ሰው ስለሆንኩ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሕዝብ የሚያገለግል ሰው መጀመሪያ የሚታመመው ወገቡን እንደሆነ ከሙያዬ አውቃለሁ። በመምሪያዎ መጠበቂያ ክፍል ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ስፖንጃቸው አልቆ ብረታቸው ስለሚወጋ፣ ክቡርነትዎም እንደኛው ይወጉ ይሆን ብዬ ሐሳብ ገብቶኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ አንድ ቀን በርዎን ገርበብ ብሎ ስላገኘሁት፣ ባለ ረጅም መደገፊያ የቆዳ ወንበርዎን አይቼ እፎይ ብያለሁ። ክቡርነትዎ ግን አልነበሩበትም።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በጋዜጣ እንዲያነበው አድርጌ የጻፍኩት ለማማረር እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። ላመሰግን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መዶሻና ሚስማር ይዤ ስንበረከክ ያላገኘሁትን ማዕረግ መምሪያዎ በአንድ ጠዋት ጉብኝት ሰጥቶኛል፤ ሀብታም ብሎኛል። «ቤተሰቡ በተሟላ የኑሮ ደረጃ ላይ የሚገኝ ሆኖ ስለተገኘ፣ በገቢው ዝቅተኛነት ምክንያት ለልጆቹ ሲሰጥ የቆየው ወርኃዊ ድጋፍ ተቋርጧል» የሚለውን ውሳኔ ባለቤቴ ደጋግማ ካነበበችው በኋላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና፣ እስቲ ዞር በል፣ ሀብታም ከኋላ ምን እንደሚመስል ልየው አለችኝ። ዞርኩላት። ሱሪዬ ከኋላው የተጣፈው ከደንበኛ ሶፋ በተረፈ አበባማ ጨርቅ ነው።

ከምስጋናዬ ጋር ግን አንዳንድ ጥቃቅን ነጥቦችን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ መምሪያዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያነብ መስኮት ላይ ተነግሮኛልና።

፩ኛ፣ ስለ ቤታችን። የምንኖረው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። የፊተኛው ክፍል ቀን ቀን መሥሪያዬ፣ ማታ ማታ የሦስቱ ልጆቻችን መኝታ ነው። በዚያ ክፍል ሶፋ ጠፍቶ አያውቅም፤ የኛ የሆነ ሶፋ ግን ኖሮ አያውቅም። የደንበኛው ሶፋ ታድሶ ሲያልቅ በላስቲክ ተጠቅልሎ ባለቤቱን ይጠብቃል፣ እኛም ዙሪያውን በርጩማ ላይ ተቀምጠን እራታችንን እየበላን እሱን እንጠብቃለን። ልጆቼ ሶፋ የሚታይ እንጂ የሚቀመጡበት ነገር አይመስላቸውም። ትንሹማ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲያይ ያለቅሳል፤ አባቴ ይቆጣዋል ብሎ ነው። የጉብኝቱ ማስታወቂያ በደረሰን ሰሞን ተራው የአንድ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ አረንጓዴ ከፈይ የለበሰ፣ እግሮቹ የተቀረጹ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ቢተኛበት ቦታ የሚተርፈው ሶፋ።

፪ኛ፣ ስለ ጉብኝቱ። ማስታወቂያው የመምሪያዎ ሠራተኛ የኑሯችንን ሁኔታ ለማየት እንደሚመጡ ይገልጻል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ «ይመጣሉ» የሚለውን ብቻ አንብቤ የቀረውን ተውኩት። ሰው ሊመጣ ነው ሲባል እኛ ቤት የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለቤቴ መጋረጃ አጠበች፣ ጎረቤታችን ልብስ ተኳሿ ብርጭቆና ምንጣፍ አዋሰችን፣ ልጆቼ የሷን ልጆች ጫማ አጠለቁ፣ እኔም የስፖንጅ ቁርጥራጩን፣ መዶሻውንና የሚስማሩን ቆርቆሮ ሰብስቤ ከአልጋ ሥር ከተትኩ። ከዚያ ላስቲኩን ከሐኪሙ ሶፋ ላይ ገፈፍኩና መሀል ቤት አስቀመጥኩት። ችግራችንን ለማየት የሚመጡትን ሰው ችግራችንን በሙሉ ደብቀን፣ ፀጉራችንን አበጥረን ጠበቅናቸው። እንዲህ ያለ ጅል ቤተሰብ በመዝገብዎ ሌላ ካለ ቢያስተዋውቁኝ ደስ ይለኛል፤ እንጠያየቃለን።

ነገሩን ያባሰው አማቴ በዚያው ጠዋት ሳይታሰብ ከከተማቸው ከች ማለታቸው ነው። አማቴ ለጋብቻ ሽማግሌ በላክሁባቸው ጊዜ «ልጄ ሚስማር ላይ ልትቀመጥ ነው» ብለው ያለቀሱ ሴት ናቸው። ገብተው አረንጓዴው ሶፋ ላይ ተቀመጡ፣ ከፈዩን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «በል እንግዲህ፣ ሰው ሆነሃል» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ከተጋባን ጀምሮ ከአፋቸው የሰማሁት የመጀመሪያ ምስጋና ነው። ሶፋው የማነው ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ እውነቱን እነግራቸው ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አልጠየቁኝም።

፫ኛ፣ ስለ ጥያቄዎቹ። ሠራተኛዎ እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው። ከአማቴ ጎን ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ብዕራቸውን አውጥተው፣ «ኑሮ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ የምርመራ ጥያቄ መሆኑን በምን ልወቅ? አፌን ከፈታሁ ጀምሮ ኑሮ እንዴት ነው ሲሉኝ «ተመስገን፣ ምን ጎድሎብን» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጣሪያዬ እየተቃጠለ ቢጠይቁኝም የምመልሰው ይህንኑ ነው። ሥራስ? ሞልቷል። ልጆቹ በደንብ ይመገባሉ? ይህን ባለቤቴ ቀደመችኝ፤ ኧረ እነሱ እቴ፣ አንሱልን እስኪሉ ነው አለች። የተቸገራችሁበት ነገር አለ? ኧረ ምንም፣ እናንተ ብቻ ደኅና ሁኑልን። እኔ ሰላምታ የምንለዋወጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቃሌን እየሰጠሁ ኖሯል። ሠራተኛዎ አንዷንም ሳያስቀሩ ጻፏት፣ እኔም ብዕራቸው ሲፈጥን አይቼ ጨዋታዬ የጣማቸው መስሎኝ ጨመር ጨመር አደረግኩበት።

በዚያ ቤት ውስጥ ያን ጠዋት አእምሮ የነበራት መካከለኛዋ ልጄ ብቻ ነበረች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ውሸት ሲነገር ዝም ማለት ስለማይሆንላት «ዳኛዋ» እንላታለን። «አባዬ፣ ይሄ ሶፋ እኮ የ...» ብላ ስትጀምር ውሃ አምጪ ብዬ ላክኋት። ውሃውን አስቀምጣ እንደገና አፏን ስትከፍት ስኳር አምጪ አልኳት። ከስኳሩ በኋላ ማንኪያ፣ ከማንኪያው በኋላ ሌላ ማንኪያ። የማዛት ነገር ሲያልቅብኝ ከጎረቤት ክብሪት ተበደሪ ብዬ አስወጣኋት፤ የምናበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። መምሪያዎ የፈለገውን እውነት በሙሉ ይዛ ከበር በር ስትመላለስ ጉብኝቱ አለቀ።

፬ኛ፣ ስለ መስኮቱ። ውሳኔው እንደደረሰኝ ስሕተቱን ለማረም መጣሁ። መስኮት ላይ ያሉት ባልደረባዎ በትዕግሥት እንዳስረዱኝ፣ ሀብታም ለመባል የራሴ ቃል ይበቃል፣ ድኻ ለመባል ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሶፋው የኔ አለመሆኑን እንዲያረጋግጡልኝ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ሄድኩ። ሐኪሙ ጻፉልኝ፤ ነገር ግን ገና ባልተቀመጡበት ሶፋቸው ላይ ማን ማን እንደተቀመጠበት በዚያው ስለተረዱ፣ እንዳድሳቸው ሊሰጡኝ የነበሩትን ወንበሮች ለሌላ አዳሽ ሰጡ። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ ባልደረባዎ ሶፋውን ከንብረቴ ላይ ሰረዙልኝና፣ «ምን ጎድሎብን ያሉት ግን እርስዎ ነዎት» አሉኝ። ያ ቃል እንዲሻር፣ በጉብኝቱ ጊዜ ቤት ውስጥ የነበረ፣ ባልም ሚስትም ያልሆነ አዋቂ ሰው ቀርቦ ቃሌ ሐሰት እንደነበረ መመስከር አለበት። ያ ሰው አማቴ ናቸው።

እንግዲህ ጀግንነቴን ይመልከቱልኝ። የልጆቼ ድጋፍ በአንዲት ሴት ምስክርነት ሊመለስ ሲችል፣ እኔ «ሰው ሆነሃል» የምትለዋን ቃል ላለማጣት ስል ዛሬ ነገ እያልኩ ሰነበትኩ። የትንሹ ወተት ቀነሰ። ትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት በእግር መሄድ እንደምትወድ ነገረችን፤ ፍቅሩ የያዛት የታክሲው ገንዘብ ባለቀበት ሳምንት ነው። ባለቤቴ አኩርፋ እኔን ማናገር ስለተወች፣ ከደንበኞች ወንበር ጋር እያወራሁ እውል ነበር። ወንበሮቹም አልመለሱልኝም።

፭ኛ፣ ስለ ዳኛዋ። በመጨረሻ አማቴ ሳይጠሩ መጡ። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ብቻዬን ቤቱ ጭር ብሎብኛል፣ መካከለኛዋን ስጡኝና ታጫውተኝ» አሉ። ቤታቸው ቀኑን ሙሉ በጎረቤት ልጆች ጫጫታ የሚናጥ መሆኑን እናውቃለን፤ እንደምናውቅም ያውቃሉ። ክብሬን እንዳይነኩብኝ ብለው ነው ችግሩን የራሳቸው ያደረጉት። ልጄ ልብሷን በሶፋ ላስቲክ ጠቅልላ በር ላይ ስትቆም ሁሉንም ለአማቴ እዚያው ዘረገፍኩላቸው፤ የሶፋውንም፣ የቃሌንም፣ የፍርሃቴንም። እሳቸውም «ያን ቀን ገና ስቀመጥ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት የተሰካበት መርፌ ወግቶኛል እኮ» አሉኝ። ታዲያ ሰው ሆነሃል ያሉኝ ለምን ነበር ብላቸው፣ «ልጆችህ ጥሩ ጫማ አድርገው አይቼ» አሉ። ጫማውም የጎረቤት እንደነበረ ግን አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ መስኮትዎ ድረስ መጥተው የልጄ ባል ውሸታም ነው ብለው በፊርማቸው አረጋገጡ። እንዲያውም ከተጠየቁት በላይ ጨምረው ሊጽፉ ሲሉ ቦታው አልበቃቸውም። ውሳኔው እስኪደርስ ድረስ ግን ልጅቷ አብራቸው ሄደች። ይኸው ፍራሿን ግድግዳ አስደግፈን እንጠብቃለን።

በቀደም በስልክ አገኘኋትና እንዴት ነሽ አልኳት። «ደኅና ነኝ አባዬ፣ ምን ጎድሎብኝ» አለችኝ። ውሸት የማይሆንላት ልጄ ናት እንዲህ ያለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ ክቡር ሆይ። ከማን እንደተማረችው አውቃለሁ፤ በዚህ ጉዳይ መምሪያዎን አልከስም።

ስድስተኛ ነጥብ የለኝም፤ ያለኝ ልመና ነው። ከዕረፍቱ በኋላ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ውሳኔውን አፍጥነው ልጄን ወደ ቤቷ እንድንመልሳት ይርዱን። ሠራተኛዎ እንደገና እንዲጎበኙን ካስፈለገም በዚህ በኩል አሳብ አይግባዎ፤ በርጩማ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ውሃ እንኳ አላቀርብላቸውም። መልሱንም ከወዲሁ እየተለማመድኩ ነው። ትናንት ልብስ ተኳሿ እንደምን አደርክ ስትለኝ፣ ክፉኛ ተቸግሬ አደርኩ አልኳት። ሴትዮዋ ደንግጣ ስኳርና ዘይት ይዛልኝ መጣች፤ ልምምድ ነው ብዬ ባስረዳትም መልሼ አልወስድም አለች። ባለቤቴ ሳቀች፤ ከተኳረፍን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

የቆዳ ወንበርዎ ስፕሪንግ ዘመን ይሻገር፣ መደገፊያው ከወገብዎ አይለይ፣ ከመቀመጫዎ የሚያስነሳ ነገር ሁሉ ከደጅዎ ይራቅ እያልኩ፣ ይህችን ማስታወሻ ለማንበብ ለሚሠዉት ውድ ጊዜ በቅድሚያ እጅ ነሥቼ አመሰግናለሁ።

በመምሪያዎ ውሳኔ የከበርኩ፣ በራሴ አፍ የደኸየሁ፣
ለክቡርነትዎ ሁልጊዜ ታዛዥ፣
ሶፋ አዳሹ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ገና ለጋዜጣው ሳልሰጠው የመምሪያዎ መልስ ደረሰኝ። የአማቴ ምስክርነት ተቀባይነት አግኝቷል፤ ሀብታም አለመሆኔም ታምኖልኛል። ይሁን እንጂ የአንድ ቤተሰብ ገቢ የሚለካው ቤት ውስጥ ለሚኖሩት ሰዎች ቁጥር ተካፍሎ ስለሆነ፣ መካከለኛዋ ልጃችን ከቤት በመውጣቷ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው ከፍ ብሎ፣ ለድጋፉ ከተቀመጠው ወሰን በጥቂቱ ማለፋችን ተገልጾልናል። ልጅቷን መልሰን እንደ አዲስ ማመልከት እንችላለን፤ ምዝገባው የሚከፈተው በሚመጣው ዓመት ነው። እንዲህ ያለ የመክበሪያ መንገድ በእጃችን እያለ እስከ ዛሬ ባለማወቃችን አፍረናል። ገና ሁለት ልጆች ቤት ቀርተውናል፤ እነሱንም ብንሸኝ ምን ያህል ሀብታም እንደምንሆን ክቡርነትዎ አስልተው ቢነግሩን።