ለተከላካይ ጠበቃችን፦ ስላልጠየቁኝ አንዲት ጥያቄ

ለተከበሩ የወረዳችን ፍርድ ቤት ተከላካይ ጠበቃ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልሁ፣ የቆላው ሙቀትም ሆነ ወባው እርስዎ ዘንድ እንዳይደርስ፣ በተለይም ጉሮሮዎን ክፉ እንዳይነካው ከልብ እመኛለሁ፤ ባለፈው ችሎት እንዳየሁት ከሆነ ግን ጉሮሮዎ በሥራ ብዛት የሚጎዳ አይደለም።

እኔ አገኘሁ ስንሻው እባላለሁ፤ ሰሊጥና ማሽላ አራሽ ነኝ። በትራክተር ነጂው በባየልኝ ላይ በቀረበው ክስ የግል ተበዳይ ተብዬ፣ ክራንች ተደግፌ ለዐቃቤ ሕግ የመሰከርሁት ሽማግሌ ነኝ። እርስዎ ያን ጊዜ ስልክዎን እያዩ ስለነበር መልኬን ባያስታውሱት አልቀየምም። ባየልኝ ግን ደንበኛዎ ነበርና ቢያንስ ስሙን አይረሱትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከከተማችን ወደ ሽንፋ በሚያስወጣው መንገድ አህያዬን እየነዳሁ ስሄድ አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ነፋባትና ደነበረች፤ ገመዷን በእጄ ጠቅልዬ ይዤ ስለነበር ጎትታ አስፋልቱ መሐል ጣለችኝ። ባየልኝ ከፊት ለፊት ይመጣ ነበር። እኔን ላለመጨፍለቅ ትራክተሩን ወደ ቦዩ ሲጠመዝዘው የተሳቢው ጫፍ እግሬን መትቶ ሰበረው። ባይጠመዝዘው ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው አይኖርም ነበር። ጥፋተኛ ከተፈለገ አህያዬ አለች፤ እስካሁን አልተከሰሰችም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ባየልኝ ሽማግሎች አስቀድሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ቤቴ መጣ። ደጃፌ ላይ ተንበርክኮ «አያ አገኘሁ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይማሩኝ» አለ። ትናንት ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ እንኳ እንደሚያውቀው፣ በአገራችን የቆመ ሰው ተጎድቶ የተኛውን እንዲህ ይለዋል። ይህ የሚባለው ማን እንዳጠፋ ለመለየት ሳይሆን ደም እንዳንቃባ ነው። ድንጋዩን አውርጄ አቀፍሁት፣ አብረን በላን፣ ነገሩም እዚያው አለቀ። ክሱ መጥቶ እርስዎም ጠበቃ ሆነው እስኪገቡበት ድረስ ማለቴ ነው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. በቅድሚያ የማመሰግነው ስለ ትጋትዎ ነው። ባየልኝ መንግሥት ጠበቃ ሰጥቶሃል ሲባል ደስ ብሎት ከቢሮዎ ደጅ ሲመላለስ ከረመ። ያገኘዎ ችሎቱ ሊሰየም ሲል ኮሪደር ላይ ሲሆን፣ እርስዎም በታላቅ ፍቅር «ደረበ» ብለው ጠሩት፤ ደረበ በሌላ መዝገብ የተከሰሰ የባጃጅ ነጂ ነው። እንዲያም ሆኖ ባየልኝ ጠበቃዬ አሉልኝ እያለ ሲያመሰግንዎ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሬ ካራጁ ይውላል።

፪. አደጋው የደረሰው ከሐሚድ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ነው። ሐሚድ ሁሉን አይቷል፤ ከአስፋልቱ ያነሣኝም እሱ ነው። እርስዎም በየጠዋቱ እዚያው ተቀምጠው ሻይ እንደሚጠጡ አገር ያውቃል። የመከላከያ ምስክር የሚሆንዎ ሰው ራሱ ስኳር እያማሰለ ሲያቀርብልዎ አንድ ቀን እንኳ ስለዚያ ቀን አለመጠየቅዎ፣ ሥራን ከሻይ ጋር የማይቀላቅሉ ሰው መሆንዎን ያስመሰክራል።

፫. ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሹ ቤትዎ መጥቶ አጥፍቻለሁ ብሎዎታል ወይ ሲለኝ፣ ምዬ ነበርና አዎ አልሁ። ምክንያቱን ልጨምር አፌን ስከፍት ዳኛው የተጠየቅሁትን ብቻ እንድመልስ አዘዙኝ። እሳቸው ላይ አልፈረድሁም፤ ጠያቂዬ ቀጥሎ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ዳኛው ወደ እርስዎ ዞረው መስቀለኛ ጥያቄ እንዳለዎት ጠየቁ። እኔም ለምን እንዲያ አለ የምትለዋን አንዲት ጥያቄ ስጠብቅ ዓይን ዓይንዎን አየሁ። ያቺን ቢጠይቁኝ አህያዋንም፣ ጡሩምባውንም፣ ቦዩንም፣ ሽምግልናውንም እናገር ነበር። እርስዎ ግን የለኝም አሉ። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ደመወዝም እንደሚያስገኝ ያን ቀን ተማርሁ።

አባቶች ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። ዐቃቤ ሕጉ ተናገረ፣ እኔ ተናገርሁ፣ ባየልኝም አላጠፋሁም ብሎ ተናገረ፤ ሊናገር የተቀጠረው ሰው ብቻ ዝም አለ። ባየልኝ በእኔ ቃል ተፈርዶበት ታሰረ፣ መንጃ ፈቃዱም ታገደ። ሕይወቴን ያተረፈውን ሰው በገዛ ምላሴ እንዳሳስር ስላደረጉኝ ተናድጄብዎታለሁ፤ ይህን በጨዋ ቃል የምለውጥበት መንገድ አላገኘሁም።

፬. አሁን የሰሊጥ አጨዳ ነው። ሰሊጥ እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አያውቅም፤ በወቅቱ ካልታጨደ ይረግፋል። የባየልኝ ሚስት እሌኒ ሕፃን አዝላ ብቻዋን ታጭዳለች፤ እንዳላግዛት እግሬ ገና አልጠገነም።

የሚቀጥለውን በቁጥር አላስገባውም። በዚህ ሰሞን በአብርሃ ጅራ መንገድ አንድ ሾፌር ሰው ገጭቶ፣ የተገጨውን ሊጠይቅ ቀርቶ በደጁም አላለፈ። አጥፍቻለሁ ካልሁ እንደ ባየልኝ እታሰራለሁ ይላል አሉ። የተጎጂው ወንድሞችም ሰውዬው ንቆን ነው የቀረው ማለት ጀምረዋል። በእኛ ቆላ እንዲህ ያለው ነገር በምን እንደሚያልቅ ለተማረ ሰው መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ሕግ ስላስተማሩን ግን እናመሰግናለን።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የይግባኙ ጊዜ ገና አላለፈም። ማመልከቻውን ይጻፉለት፤ እርስዎን ከከበደዎ ደግሞ መዝገቡን ይልቀቁና ሌላ ጠበቃ ይጻፍለት። ከተጠራሁ በክራንቼም ቢሆን እመጣለሁ፤ የሚጠይቀኝ ሰው ይኑር እንጂ መልሱ ከእኔ ዘንድ አለ።

ለማዕረግዎ ከሚገባው አክብሮት፣ ለሥራዎ ከሚገባው ትዝብት ጋር፣
አገኘሁ ስንሻው
እግሩ እየዳነለት ያለ፣ ሆዱ ግን ያልሻረ የዐቃቤ ሕግ ምስክር

ማስታወሻ፦ እሑድ ዕለት ባየልኝን ልጠይቅ ማረሚያ ቤት ሄጄ ነበር። ገና ሲያየኝ፣ በዚህ እግርዎ በእኔ ምክንያት ይህን ሁሉ መንገድ መጡ ብሎ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ጀመረ። ከኋላችን ፖሊስ ቆሞ ይሰማል፤ ጠበቃውም አጠገቡ የለም፤ ስለዚህ አፉን በእጄ ከደንሁት።