ውሃ የሚጠጣው የኩሽና መደባችንና የክቡርነትዎ መሸኛ

ለተከበሩ የመኖሪያ መንደራችን የጥገናና ውበት ክፍል ኃላፊ፣

ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የሚፈርሙባት ቀኝ እጅዎ ደህና እንደሆነች ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ እጅዎ ለይቼ የምጠይቀው ከአሥራ ስምንት ወር ወዲህ በማመልከቻዎቼ ላይ አርፋ ስላላየኋት አንዳች ነገር ነክቷት ይሆን ብዬ ሰግቼ እንጂ ሌላ ክፋት የለኝም። እኔ በላይኛው ረድፍ መጨረሻ ቤት የምኖረው ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ደህና ነኝ፤ ከመንደሩ መውጣት አለመቻሌን ካልቆጠርነው የጎደለብኝ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። በግል የጻፍኩልዎ ሰባት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ውስጥ ተኝተው ስለሚገኙ ስምንተኛውን ልኬ እንቅልፋቸውን ማወክ ስላልፈለግሁ ብቻ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቁ ጎረቤቶቼ በአጭሩ ላስረዳ። በመንደራችን ምግብ የሚበስለው እንደሚታወቀው ከቤት ኋላ፣ በሜዳ ላይ ነው። በምድጃውና በእቃ ማጠቢያው መካከል ሁለት ሜትር የሚሆን ግራጫ የድንጋይ መደብ አለ። ቀን ፀሐዩ መዳፍ አያስጭንበትም፤ ንጋት ላይ የተረሳ ጠብታ ውሃ በረዶ ሆኖ ይገኝበታል፤ በመካከሉ ያለውን ጊዜ ደግሞ ነፋሱ በአሸዋ ይፈትገዋል። ይኸው ነፋስና ይኸው ብርድ የባለቤቴን ሳንባ ስለጎዱት ሐኪሟ ሌላ የብርድ ወቅት ሳይደርስባት ወደ ቆላ እንድትወርድ አዘዘ። ታናሽ እህቷ ቆላ ትኖራለች፤ እሷ ባለችበት ከተማ ቤታቸውን ከቤታችን ሊለዋወጡ የሚፈልጉ ባልና ሚስትም አገኘን። የቀረው የእርስዎ መሸኛ ነበር። ያለ መሸኛ ልውውጡ አይጸድቅም፤ የመንደሩ በር ዘበኛም አንዲት ወንበር እንኳ አያሳልፍም። መሸኛ የሚሰጠው ደግሞ መደቡ ፈተና ሲያልፍ ነው፤ አንድ ማንኪያ ውሃ ይፈስበታል፣ ድንጋዩ አሥር ደቂቃ ሳይጠጣው ከቆየ አለፈ ይባላል።

የእኛ መደብ ይጠጣል። እንዴት ጠጪ እንደሆነ በቅደም ተከተል እንድዘረዝር ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ስለ ተራ ቀናችን ከልብ አመሰግናለሁ። ደንቡ መደቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ውሃ የሚከለክል ቅባት እንዲቀባ ያዛል፤ የሚቀባውም በእርስዎ ሠራተኛ፣ እርስዎ በወሰኑት ቀን ብቻ ነው። ለእኛ የደረሰን አንዱ ቀን ዝናቡ መሃል፣ ሌላው ውርጩ መሃል ነበር። ወደ ደረቁ ሳምንት እንዲዛወርልን ጻፍኩ። መልሱ የመጣው ደረቁ ሳምንት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ደረቁ ሳምንት ስላለፈ ተራችንን እንድንጠብቅ በትሕትና ያሳስበናል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ዝናብ መቼ እንደሚዘንብ ሳስተምር ኖሬ የእርስዎን የሥራ መርሐ ግብር ሳላነብ በመቅረቴ ተማሪዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፦ መደቡን ከዝናብ ለመጠበቅ ሸራ አለበስኩት። በማግስቱ ሁለት ሠራተኞች መጥተው ቀለሙ የመንደሩን ውበት ያበላሻል ብለው ገፈው ወሰዱት። የትኛው ቀለም እንደሚፈቀድ ስጠይቅ፣ የሚፈቀደው መደቡ ከላይ በግልጽ እንዲታይ የሚያደርግ ሽፋን እንደሆነ ተነገረኝ። እንዲህ ያለውን ሸራ በየሱቁ ፈልጌ አጣሁ፤ ዝናቡ ግን አላጣኝም።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ የመንደሩ ሰው ሁሉ ብሩሹ እያለ የሚጠራውን ቀቢያችሁን ማመስገን አለብኝ፤ ይህኛው ምስጋና ያለ ተንኮል ነው። በተራችን ቀን እያካፋ መጣ። መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆየና፣ “መምህር፣ ይህ ድንጋይ እርጥብ ነው። አሁን ከቀባሁት ውሃውን ውስጡ ቆልፌበት ነው የምሄደው” አለኝ። እንግዲያው ተወው አልኩት። እሱ ግን ዛሬ ተቀብቷል የሚል ፊርማ ይዞ ካልተመለሰ ከሥራ እንደቀረ እንደሚቆጠርበት፣ ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ተቆጥሮበት ማስጠንቀቂያ ላይ እንዳለ ነገረኝ። ቀባ፤ እኔም ፈረምኩ። ሁለት ጎልማሶች ስሕተት መሆኑን እያወቅን፣ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት አንገታችንን ደፍተን፣ ስሕተቱን በሚገባ አከናወንነው። በሳምንቱ ድንጋዩ ሞራ እንደጋረደው ዓይን ነጣ። ውርጩ ሲመጣ ውስጡ የተቆለፈው ውሃ አበጠና ከማጠቢያው ጥግ እስከ ምድጃው ድረስ ሰነጠቀው። ንጋት ላይ ድምፁን የሰማችው ባለቤቴ ናት፤ ሳሕን ተሰበረ ብላ ቀሰቀሰችኝ።

አራተኛ፦ ፈታኙ ማንኪያውንና ሰዓቱን ይዞ መጣ። ድንጋዩ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጠጥቶ ጨረሰ። በቅጹ ላይ “ነዋሪው መደቡን በአግባቡ አልያዘም” ተብሎ ተጻፈ። ፈታኙ ጨዋ ሰው ስለሆነ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ስትስል ለሰማት ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል እግዜር ይማርሽ ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ የምትሄድበትን ቀን ቆርጦ ነገረን። ባለቤቴ አንድ ሻንጣ ይዛ ወደ እህቷ ሄደች፤ እኔ ቀረሁ፤ ምክንያቱም በደንቡ መሠረት ቤቱ ባዶ ከተገኘ ማመልከቻው ይሰረዛል። በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ከሳምንት በላይ ተለያይተን አናውቅም ነበር። አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ የአንገት ልብሴን አስተካክላ ካሰረችልኝ በኋላ፣ “ድንጋዩ አለፈም አላለፈም፣ አንተ ና” አለችኝ። እኔም የቀረው አንድ ፊርማ ብቻ እንደሆነ በሙሉ ልብ ነገርኳት። ይህ የሆነው የዛሬ አሥር ወር ነው።

አምስተኛ፦ በዚህኛው ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ አልክድም። ዝናቡ እንዳባራ መደቡን ራሴ ጠገንኩት። የነጣውን ቅባት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አነሳሁ፤ ስንጥቁን በድንጋይ ዱቄትና በሙጫ ሞላሁ፤ በለስላሳ ሳሙና አጠብኩ። እንዳይቃጠል ጥላ ያስፈልገው ስለነበር በላዩ ገመድ ወጥሬ አንሶላ አሰጣሁበት፤ ልብስ ማስጣት በደንቡ አልተከለከለምና ሦስት ቀን ሙሉ ያንኑ አንሶላ እያጠብኩ ሳሰጣ ሰነበትኩ። ብሩሹ በእረፍት ቀኑ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ፣ ሳይቆምና ወደ እኔ ሳይዞር፣ ስስ አድርጌ እንድቀባ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቼ የተረፈውን በጨርቅ እንድጠርግ፣ ሁለት ቀን ውሃ እንዳላስነካው ነገረኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። ፈታኙ ሲመጣ ውሃው ድንጋዩ ላይ ተድቦልቡሎ ሃያ ደቂቃ ተቀመጠ። ሰውየው ፈገግ አለ። ከዚያ ቅጹን አገላብጦ፣ መደቡ ማለፉን፣ ዳሩ ግን የተቀባው ባልተፈቀደለት እጅ ስለሆነ ፈተናው እንደማይቆጠር፣ ቅባቱ ተፍቆ በቀጣዩ ተራ እንደገና መቀባት እንዳለበት ጻፈ። መፋቂያ ፈቃድ ልጠይቅ ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ፣ ፈቃድ የሚሰጠው በሕጋዊ መንገድ የተቀባ መደብ ላለው ሰው ብቻ እንደሆነ በመስኮት ተገለጸልኝ። እንዲህ ያለ፣ መግቢያው የሚታወቅ መውጫው የማይታወቅ አሠራር ለመንደፍ ምን ያህል እንደደከማችሁ ሳስብ ከልቤ አዘንኩላችሁ።

ማታ ለባለቤቴ ስልክ ደውዬ መደቡ አለፈ አልኳት። ደስ አላት። የቀረውን ስነግራት አልተቆጣችም። ምን በላህ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እንደ ሁልጊዜው ዳቦ አልኳት። ድንጋዩን ዘይት እንዳይነካው፣ ሎሚ እንዳይንጠባጠብበት፣ ጥላሸት እንዳያርፍበት ስል ለአምስት ወር ያህል ምድጃውን አላነደድኩም ነበር። ለካስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ደረቅ ዳቦና የታሸገ ዓሣ እየበላሁ ድንጋይ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ይህንን ያዘዘኝ ደንብ የለም፤ ይህን አንዱን በገዛ እጄ ነው የጨመርኩት።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት እሄዳለሁ። ሊለዋወጡን የነበሩት ባልና ሚስት ታግሰው ታግሰው ሌላ ቤት አግኝተዋል፤ የምንኖረው በእህትየው ጓሮ ክፍል ነው። በተጋባን ዓመት የገዛነው አልጋ፣ ቁም ሣጥኑ፣ ሦስት መደርደሪያ መጻሕፍቴ ይቀራሉ። ዘበኛው በእጅ የተያዘ ቦርሳ ስለማይፈትሽ የምወስደው የሁለታችንን ፎቶግራፎች፣ አዲስ የገዛሁላትን መድኃኒትና ሁለት ቅያሪ ልብስ ነው። አርባ አንድ ዓመት በአንድ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ማየት ደስ አይልም፤ ይህን የምለው ግን ለመዝገብ እንዲሆን እንጂ መፍትሔ ከእርስዎ ለመጠበቅ አይደለም።

ዛሬ ቀትር ላይ ምድጃውን አነደድኩ። ሽንኩርቱን እዚያው ድንጋዩ ላይ ከተፍኩ፤ ዘይቱ ፈሰሰ፣ ሎሚውንም እዚያው ጨመቅሁ። ቆሜ በላሁ። እጅግ ጣፋጭ ነበር።

ላሳዩን ጥንቃቄ ሁሉ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ መጪው ውርጭ ለቢሮዎ መስኮቶች እንዲራራ እየተመኘሁ፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ድረስ ታዛዥ ነዋሪዎ ሆኜ እቆያለሁ።

የላይኛው ረድፍ መጨረሻ ቤት ጡረተኛ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከእርስዎ አንድ ፖስታ ደረሰኝ። መደቤ ከመንደሩ ሁሉ በጥራቱ አንደኛ ሆኖ ስለተገኘ የመደቦች ጥበቃ ኮሚቴ አባል ሆኜ መሾሜን፣ የሹመቱ ዘመን ሁለት ዓመት መሆኑንና በዚህ ጊዜ ውስጥ አባላት ከመንደሩ መውጣት እንደማይፈቀድላቸው ይገልጻል። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። በእኔ ምትክ ድንጋዩን ራሱን እጠቁማለሁ፦ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ማመልከቻ አይጽፍም፣ የምትጠብቀውም ሚስት የለችውም። ለእርስዎ ኮሚቴ ከዚህ የተሻለ ሰው አይገኝም።