ነጠላዬን ሸራ ላደረገው ሰው

ግርማ፣

«ውድ ባለቤቴ» ብለሽ ጀምሪ ብላ ሕይወት መክራኝ ነበር። ልጅህ ናት፣ ሁልጊዜም ላንተ ታደላለች። እኔ ውድ የምልህ ንዴቴ ሲበርድልኝ ነው፣ እሱም ዛሬ አይደለም። ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ቀን ሆነን። ሙት ዓመትህን እሑድ ዕለት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አወጣሁልህ። ጸበል ጸዲቁ ተቀመሰ፣ ሰው ሁሉ ነፍሱን ይማር እያለ ወደየቤቱ ወረደ። እኔም አብሬ ብያለሁ። እግዚአብሔር ይማርህ፤ እሱ መሐሪ ነው። እኔ ግን ካንተ ጋር ያልጨረስኩት ጉዳይ አለኝ።

መጀመሪያ መስማት የምትፈልገው ስለ መርከቡ እንደሆነ ዐውቃለሁ። ትጠብቃለህ። እኔ ስንቱን ምሳ አቅርቤ፣ አንተ «ይቺን አንድ ረድፍ ልጨርስ» ስትል፣ ወጡ እስኪረጋ ጠብቄሃለሁ። አሁን ተራው ያንተ ነው።

የካ አባዶ እንደተውከው ነው። ውኃው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል፤ በመጣ ቀን ባልዲውን እስከ ሦስተኛ ፎቅ የማወጣው እኔው ነኝ። የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ረዝሞ ዳቦ ቤቱን አልፏል። «ቅዳሜ እጠግነዋለሁ» ያልከው የኩሽና መስኮት ቅዳሜው ስላልመጣ በጨርቅ አስሬው ተቀምጧል። ምድር ቤት ያሉት እትዬ ዘነበች ጉልበታቸው ባሰባቸው። ደረጃው ሥር ባገኙኝ ቁጥር «ያ ደጉ ግርማ» እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኔም ለሳቸው ስል ራሴን እነቀንቃለሁ። ሕይወት ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሏ ጋር ትመጣለች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ቀጥታ አንተ ክፍል ነው የምትገባው።

ክፍልህ ያልኩት ሁለተኛውን መኝታ ቤት ነው። ለእንግዳ ተብሎ የታሰበውን። እህቴ ከደብረ ብርሃን በመጣች ቁጥር ሶፋ ላይ እግሯን አጥፋ የምታድረው መርከብህ ክፍል ስለያዘ ነው። ለማን ብናገር ያምነኛል? ባሕር በሌለበት አገር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አንድ መኝታ ቤት ለመርከብ!

የተጀመረው ቀበና ሳለን ነው። ሕይወት ልጅ ሆና ክርስትና እናቷ ከውጭ ያመጡላት አንድ ካርቶን የመገጣጠሚያ ጡብ ነበራት፣ ያ ባለ ቀለሙ፣ አናቱ ላይ ጥርስ ጥርስ ያለው ፕላስቲክ። አድጋ ስትተወው ለዘመድ ልጅ ልሰጠው አወጣሁት። አንተ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለህ ጀልባ ሠራህበት። እኔም ሣቅኩልህ። ጥፋቴ ያ ሣቅ ነው።

ዕድሜህን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ካርታ ስትነድፍ የኖርክ ሰው ስለሆንክ ጀልባው አላረካህም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በእውነተኛ ባሕር ላይ የሄደ ባለ ሦስት ምሰሶ የጦር መርከብ ንድፍ ከኢንተርኔት አውጥተህ ግድግዳ ላይ ለጠፍክ። አንተ እንኳን ባሕር፣ ያየኸው ትልቁ ውኃ ላንጋኖ ነው፤ እዚያም ፀሐይ መታኝ ብለህ ጥላ ሥር ዋልክ። ግን ልክ እንደ እውነተኛው ካልተሠራ ውሸት ነው አልክ። መጀመሪያ እንደ በግ ጎድን የተደረደረው አጥንቱ፣ ቀጥሎ የመርከበኞቹ መኝታና የውኃ በርሜሎቹ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው ማንም ውስጡን እንዳያየው ጎኑን የምታለብሰው። አራት ማዕዘን ከሆነ ጡብ ክብ ሆድ ለማውጣት አንዱን ጎን አምስት ጊዜ አፍርሰህ ሠርተሃል።

ሕግም ነበረህ። ማስቲሽ አይነካውም፣ ቀለም አይቀባም፣ ጡብ አይቆረጥም። ሕይወት አንድ ቀን ልትረዳህ ብላ መድፉ ጋ አልገባ ያለችውን ጡብ በቢላ ልትቀንሳት ስትል እጇን ያዝካት። «ጡብ አይቆረጥም። ተቆርጦ ከገባማ ምኑን ሠራሁት?» አልካት። ይህን ቃልህን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እንጦጦ የወጣንበትን ቀን ታስታውሳለህ? እኔ አስታውሳለሁ። የተጋባንበት ቀን ነበር። እስቲ እንውጣና አየር እንቀበል ስትለኝ ልቤ ሞቀ፣ ፀጉሬን ተሠራሁ። ያንን ነጠላ ለበስኩ። እናቴ ጥጡን በገዛ እጇ ፈትላ፣ አሸምና፣ ለመልሴ ያለበሰችኝን። ከእናቴ እጅ የቀረኝ እሱ ብቻ እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን ባሕር ዛፉን አልፈን ገላጣው ቦታ ስንደርስ ቁሚ አልከኝ። ፎቶ ልታነሣኝ መስሎኝ አንገቴን ሰበር አድርጌ ፈገግ አልኩ። አንተ ለካ «ነጠላሽን ግራና ቀኝ ጫፉን ይዘሽ ዘርጊው፣ ከታች ልቀቂው» ልትለኝ ነው። ከኮትህ ኪስ እርሳስና ደብተር ወጣ። ነፋስ የገባበት ጨርቅ የቱ ጋ እንደሚያብጥ እየነደፍክ ክንዴ እስኪዝል አቆምከኝ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች ቆመው አዩን፣ አንዷ አማተበች።

በዚያ ላይ ደግሞ ታስተምረኛለህ። ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ ባንዲራው ወደ ፊት ነው የሚውለበለበው፣ ሰው ግን ዝም ብሎ ወደ ኋላ ይሠራዋል አልክ። ሸራው የወረደ መርከብ የትም አይሄድም፣ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል አልክ። ስለ ጋብቻችን አንዲት ቃል አልተነፈስክም። ስንወርድ የተጠበሰ በቆሎ ገዛህልኝ፣ የማልክድህ እሱን ነው።

የሞትክ ቀን ደግሞ ለመርከቡ የኋላ ጎን ቡናማ ጡብ ጎደለኝ ብለህ በጠዋት ወጣህ። ያገለገለ አሻንጉሊት ከሚሸጡት ዘንድ ደርሰህ ስትመለስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ወደቅህ። ልቡ ነው አሉ። ከሆስፒታሉ ጫማህን፣ ቀበቶህንና አንድ ፌስታል ቡናማ ጡብ አስረከቡኝ። ያን ፌስታል ይዤ ኮሪደሩ ላይ ስቆም ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ለቅሶው በኋላ ነው የመጣው።

ለቀብርህ ልወጣ ሳጥኔን ከፈትኩ። የዘወትሩ ነጠላዬ ታጥቦ በረንዳው ላይ ውኃው ይንጠባጠባል። የእናቴን ነጠላ ፈለግኩ። ሳጥኑን እስከ ሥሩ ገለበጥኩት፣ የለም። ሬሳው ወጥቷል ቶሎ በይ ይሉኛል፣ እኔ ልብስ መሃል ተንበርክኬ እፈልጋለሁ። እትዬ ዘነበች ወርደው የራሳቸውን አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ለልጃቸው ሠርግ የገዙት ነው፣ ጥለቱ ወርቅማ፣ የሚያብረቀርቅ። እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቄ ስለብሰው ያ ጥለት አንገቴ ሥር መጣና በፀሐዩ በራ። መቃብርህ አፋፍ ቆሜ ሰው ሁሉ እኔን ነበር የሚያየው። ያክስትህ ልጅ «ለሠርግ ነው እንዴ የመጣችው?» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሠላሳ ሁለት ዓመት ባሌን በሰው ነጠላ ቀበርኩት።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው በዛ። የእድሩ ወንዶች ሁለተኛውን ክፍል እናስለቅቅና ፍራሽ እናንጥፍ አሉ። መርከቡ ባሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ ነበር። «አቧራ ይገባበታል፣ እንዳትገልጪው» ብለኸኝ ሁለት ወር ሙሉ ሸፍነኸው ከርመሃል፣ እኔም ሞኟ አምኜህ። አራት ሆነው ተሸክመውት በሩ ጋ ሲደርሱ አንሶላው ተንሸራቶ ወደቀ።

ነጠላዬ እዚያ ላይ ነበር። አሥራ አራት ቦታ ተቆርጦ፣ ሦስቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፣ ልክ እንጦጦ ላይ እንዳበጠው አብጦ። እኛ ዳንቴል እንደምናደርቀው በስኳር ውኃ ነክረህ አድርቀኸዋል። የዚያን ሰሞን ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ጉንዳን ነው ያልከኝም ለካ ለዚሁ ነው።

ጮህኩ። ግርማ፣ እንደዚያ ቀን በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም። «ምነው! ምነው! እንዲህ ታደርገኝ!» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። ሴቶቹ ያንተን ሥራ ሳይ ሐዘኔ የተቀሰቀሰ መሰላቸውና ተነሥተው አብረውኝ ጮኹ። «እውነቷን ነው፣ እንዲህ ያለ ባል!» እያሉ አለቀሱልኝ። እትዬ ዘነበች ወገቤን ይዘው «እጁ የነካው ነገር ነዋ፣ አይዞሽ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ያን ሰዓት በሕይወት ብትኖር ኖሮ በገዛ እጄ አንቄ እገድልህ ነበር። ይህን ላንድም ሰው አልተናገርኩም፤ መጀመሪያ የምትሰማው አንተ ነህ።

ከአርባህ በኋላ ደብተርህን አነበብኩት። የየሳምንቱን ሥራ በተርታ ጽፈህ፣ የጨረስከውን ምልክት ታደርግበታለህ። «የመሃሉ ምሰሶ ይስተካከል»፣ ምልክት። «የሱቅ ጨርቅ ይቆማል እንጂ አይሞላም፣ የእጅ ፈትል ይሞከር»፣ ምልክት። ከሱ ሥር «ስለ ነጠላዋ ለአስቴር መንገር» ይላል። ምልክት የለውም። በሚቀጥለው ሳምንት ገጽ ላይ እንደገና ጽፈኸዋል፣ ምልክት የለውም። ገለጥኩ፣ አለ። ገለጥኩ፣ አለ። ሰባት ገጽ ቆጠርኩ። መጨረሻው የሞትክበት ሳምንት ነው፤ ከ«ቡናማ ጡብ መፈለግ» ቀጥሎ።

ፈሪ ነህ። ጡብ አይቆረጥም ብለህ የልጅህን እጅ የያዝክ ሰው፣ የእናቴን ፈትል በመቀስ ስትቆርጥ የራስህን እጅ የያዘልህ አልነበረም? ደግሞ ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር ብዬ አልዋሽህም። አልሰጥህም ነበር። ቆርጠህ ብትነግረኝም ቤቱን ባንድ እግሩ አቆመው ነበር። እጮህብሃለሁ፣ ታኮርፋለህ፣ እኔም አኮርፋለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ያው እንደ ልማዳችን አንተ ጉሮሮህን ጠራርገህ «ሻይ አለ?» ትላለህ፣ ያልቃል። እሱን ነው የከለከልከኝ። ሸራህን ሰቅለህ፣ ጠቡን ለኔ ጥለህ ሄድክ። አሁን ማንን ልጣላ? ማንስ ጉሮሮውን ይጠርግልኝ?

ለሙት ዓመትህ ወር ሲቀረው ሸራዎቹን አወረድኳቸው። ሕይወት ደርሳ «እማዬ ተይው፣ ከአባዬ የቀረን እኮ እሱ ነው» ብላ አለቀሰች። ከእናቴም የቀረኝ እሱ ነው አልኳት። ተቆጥታ ወጣች። በማግሥቱ ተመልሳ መጣችና አጠገቤ ተቀምጣ ክሩን በመርፌው ትሰካልኝ ጀመር፣ ዐይኔ ቀዳዳውን እንደማያይ ስለምታውቅ። ስኳሩ በሙቅ ውኃ ለቀቀ። ስፌትህን ስፈታ ግን ዳግመኛ ተናደድኩ። የሸሚዝህን ቁልፍ ሰፍተህ የማታውቅ ሰው ጠርዙን በምን ዐይነት እጅ ነው የሰፋኸው? ከኔ ስፌት ይበልጣል። ጥለቱን ጫማ ካርቶን ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ነጭ ብቻ ስለፈለግክ ሳትነካው ቀርተሃል።

አሥራ አራቱን ቁራጭ ገጣጥሜ ጥለቱን መለስኩበት። አጠረ፣ ስፌቱም እዚህም እዚያም ያስታውቃል። እሑድ እሱን ለብሼ ወጣሁ፣ ዘቅዝቄ፣ አምና ማድረግ የነበረብኝን። መቃብርህ ጋ ስደርስ ያ ነፋስ ከላይ መጣና ከጀርባዬ ገባበት፣ ጫፉን ወደ ፊት ወሰደው፣ ወዳንተ። ልክ ነበርክ፣ ወደ ፊት ነው የሚውለበለበው። ልክ በመሆንህም ተናደድኩ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ማንም አልተገረመም።

እሺ፣ ስለ መርከቡ። አልተሸጠም፣ አልፈረሰም። ክፍሉ ውስጥ ነው፣ እህቴም አሁንም ሶፋ ላይ ነው የምታድረው። የፌስታሉን ቡናማ ጡቦች በደብተርህ ንድፍ መሠረት ከኋላ ጎኑ አስገብቻቸዋለሁ፣ አሥር ቀን ፈጀብኝ። አንዷ እምቢ ስትለኝ ቢላ አነሣሁ። ከዚያ ሰደብኩህና ቢላውን መልሼ፣ ጎኑን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ገባች።

በየዓመቱ ያን የተጣጣፈ ነጠላ ለብሼ እንጦጦ እመጣለሁ፣ የተረፈኝንም ቁጣ አወርድብሃለሁ። ይቅር እስክልህ ድረስ አልረሳህም፣ ይቅር ለማለት ደግሞ አልቸኩልም። ምሰሶዎችህ ባዶ ናቸው፣ ባዶ ሆነውም ይቀራሉ። ሸራው የወረደ መርከብ የትም እንደማይሄድ የነገርከኝ አንተ ነህ። አንዴ ሳትነግረኝ ሄደሃል፣ ይበቃል። አሁን እዚሁ ቤቴ ቆመህ ጠብቀኝ።

አስቴር