የአቶ ሆርዶፋ ባይሳ የሕይወት ታሪክና የአሥራ ሁለቱ የድንጋይ ማኅተሞች ነገር

አቶ ሆርዶፋ ባይሳ በ1938 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ጉደር ላይ ከአባታቸው ከአቶ ባይሳ ጎንፋና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰፋሽ ቶኩማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል አምቦ ተምረው በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጡና ፒያሳ ከአንድ ማኅተም ቀራጭ ዘንድ ሙያ ለመዱ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለቀበሌው፣ ለእድሩ፣ ለትምህርት ቤቱ የናስና የጎማ ማኅተም ሲቀርጹ ኖሩ። ያለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አንድም ቀን ቢላ አላነሡም። አሮጌ ማኅተም ሲመጣላቸውም ባለቤቱ እያየ ፊቱን ፍቀው ነበር የሚመልሱት። «የሰው ማኅተም ቤት አይቀመጥም፣ ያሳስራል» ይሉኝ ነበር። እውነትም አብሯቸው ይሠራ የነበረው ሳህሉ፣ ቤቱ ሲፈተሽ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ተገኝቶበት ሁለት ዓመት ታስሯል።

በ1964 ዓ.ም. ወ/ሮ ጃለኔን አገቡ፤ ልጅ ሳይወልዱ በ1978 ዓ.ም. ሞት ለያቸው። እናቷ የሞተችባትን የእህታቸውን ልጅ ሲምቦንም አሳደጉ። ሲምቦ እኔ ነኝ፤ ጋሼ ነበር የምላቸው። የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለ ራሱ እንደማያወራ አውቃለሁ። ዛሬ ካልተናገርኩ ግን መቼም አልናገርም።

እ.ኤ.አ. በ1997 አብረን አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ገባንና ሴዳር ሪቨርሳይድ ፎቅ ላይ ተከራየን። ጋሼ ዳውንታውን ፓርኪንግ ካሸር ሆኑ። በ2000 ሌክ ስትሪት አካባቢ ሰዎች ያገለገለ ዕቃ ደጃቸው ላይ በሚሸጡበት ያርድ ሴል፣ ከአሮጌ ሳህኖች ሥር፣ አውራ ጣት የምታህል ድንጋይ አገኙ። አናቷ ላይ አንበሳ፣ ፊቷ ላይ የቻይና ጽሕፈት ተቀርጾባታል፤ የጥንት ሰው የስም ማኅተም ናት። ያን ቀን እንዴት እንደሳቁ ልነግራችሁ አልችልም።

የድንጋይዋ ነገር ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር፣ ሚስተር ሉ ሱቅ አደረሳቸው። ሚስተር ሉ እንዲህ ያሉ ማኅተሞች የሚሰበስቡ ቻይናዊ አዛውንት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ መሰሎቻቸው ከሱቁ ጓዳ እየተሰበሰቡ፣ ቀይ ቀለም እየቀቡ ወረቀት ላይ ያትማሉ፣ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ። ጋሼ ቻይንኛ አያውቁ፣ እንግሊዝኛቸውም ሰባራ፤ ግን ቢላው ከየት ገብቶ በየት እንደወጣ በጣታቸው ሲያሳዩ ሁሉም ከቦ ያያቸው ነበር። «ሲምቦ፣ እዚህ አገር ሙያዬን ያወቀልኝ ሰው አገኘሁ» አሉኝ። በሦስት ዓመት አሥራ አንድ ድንጋይ ሰበሰቡ። አሥራ ሁለተኛው የሚስተር ሉ አባት ማኅተም ነበር፤ ቀረጻውን እንዲያጠኑ ለሁለት ሳምንት በአደራ ሰጧቸው።

ያኔ፣ ማርች 2003 መሆኑ ነው፣ የእኔ የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪው ደረሰ። የኢሚግሬሽን ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው ይፈትሻሉ የሚል ወሬ ሰማሁ። ሳህሉ ትዝ አለኝ። የአሥራ ሁለት ሰው ማኅተም እኛ ቤት! ፎርጅድ ወረቀት ትሠራላችሁ ቢሉንስ? ጋሼ ሥራ በሄዱበት በረንዳው ሲሚንቶ ላይ የማኅተሞቹን ፊት አንድ በአንድ ፋቅሁ። ድንጋዩ ለስላሳ ነው፤ ከምሳ በፊት ጨረስኩና ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመርኳቸው። ኢንተርቪው ላይ ሰውየው የባንዲራውን ኮከቦች ቁጥር ጠየቀኝ፤ አለፍኩ። ስለ ማኅተም ማን ሊጠይቀኝ፣ የእኔ ነገር!

ጋሼ ሲጠይቁኝ «አላየሁም» አልኩ። ቤቱን ሁሉ አገላብጠው ፈለጉ። ከዚያ መጥረጊያ አንሥተው፣ በዚያ ብርድ፣ በረንዳውን ጠረጉ። በሳምንቱ ሚስተር ሉ ዘንድ ሄደን «አደራውን የጣልኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ የተረጎምኩላቸው እኔው ነበርኩ። ሚስተር ሉ አልተቆጡም። ጋሼ ግን በኀፍረት ወደዚያ ሱቅ አልተመለሱም። ከአራት ዓመት በላይ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ኮታቸውን ለብሰው መስኮቱ ሥር ይቀመጡ ነበር። እኔም እያየሁ እውነቱን አልነገርኳቸውም፤ አሁን የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2007 በስልሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ለቀብር የሚለብሱትን ሳወጣ ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ደብተር አገኘሁ። አሥራ ሁለቱም ማኅተሞች በቀይ ቀለም፣ ጥርት ብለው ታትመውበታል፤ ሳልፍቃቸው በፊት ያተሟቸው ናቸው። በመጨረሻው ገጽ በእጃቸው እንዲህ ብለዋል፦ «የበረንዳው ዱቄት የድንጋይ ነው። ሲምቦ ፈርታ ነው። ያስፈራኋት እኔ ነኝና ማንም እንዳይጠይቃት።»

ጋሼ ጉደር ያሉ ወንድማቸውን አቶ ቃልቤሳን፣ እኔን፣ ልጆቼን ዮሲንና ሊናን ትተው ሄደዋል። ሚስተር ሉም ትናንት ደውዬላቸው መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ይህን ዮሲ በእንግሊዝኛ ያነብላቸዋል። ሚስተር ሉ፣ አደራዎን የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ አይደሉም። የአባትዎ ስም ያለበት ደብተር የእርስዎ ነው።

እግዚአብሔር የጋሼን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ የእኔንም ጥፋት ከእንግዲህ በእኔ ስም ይያዝልኝ።