«ኢንጂነር» ተብለው የኖሩት የዳይሬክተር ሩቤን ቫርጊስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሩቤን ቫርጊስ ከአባታቸው ከመምህር ቫርጊስ ማታይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አናማ ዮሐናን በ1946 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ግዛት፣ ኮታያም በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሒሳብ መምህር ሆነው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ቤተሰባቸውን ይዘው ደሴ ገቡ። አቶ ሩቤንም አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ተምረዋል፤ አማርኛቸው የወሎ ነበር። በስልክ ብቻ የሚያውቃቸው ሰው በአካል ሲያያቸው ክው ይል ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው የሲኒማ ሙያ ተማሩ። ማድራስ ከተማ ለዓመታት በረዳትነት ከሠሩ በኋላ በ1973 ዓ.ም. የመጀመሪያ ፊልማቸውን በእናታቸው ቋንቋ በማላያላም ሠሩ። ከዚያ በኋላ አራት ፊልሞች ዳይሬክት አድርገዋል። ከሁሉም የተወደደላቸው «ጋቢ» የተባለው ነው። ከኢትዮጵያ የተመለሰ አንድ ሽማግሌ መምህር በዚያ በኬረላ ሙቀት ማታ ማታ ጋቢውን ለብሶ ደጁ ላይ ይቀመጣል። ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅበታል፤ እሱ ግን አያወልቀውም። ታሪኩ የአባታቸው ነው።

እዚህ ከተሰበሰባችሁት ብዙዎቻችሁ ይህን ዛሬ ገና መስማታችሁ ነው። ጥፋቱ የእናንተ ሳይሆን የእኛ የቤተሰቡ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ለስድስተኛ ፊልማቸው ቦታ ሊመርጡ አዲስ አበባ በመጡበት ጊዜ ከእህታችን ከወይዘሮ ፈትለወርቅ ሞላልኝ ጋር ተዋወቁ። ይህን የምጽፈው እኔ አባይነህ ታናሽ ወንድሟ ነኝ። አቶ ሩቤን እንደ ወጉ ሽማግሌ ላኩ፤ እንደ ወጉም ራሳቸው አብረው አልገቡም። አባታችን አቶ ሞላልኝ ዘራቸውን ጠየቁ። ሃይማኖታቸውን ጠየቁ፤ የኬረላ ኦርቶዶክስ የእኛ እህት ቤተ ክርስቲያን ስለሆነች ያ አላስቸገረም። ወደ ሥራቸው ሲመጡ ግን የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ሀይሉ የአባታችንን ፊት አዩ። አባታችን ፊልም የሚሠራን ሰው ከአዝማሪ የማይለዩ፣ አዝማሪንም የሚንቁ ሰው ነበሩ። ጋሽ ሀይሉ «ኢንጂነር ነው» አሉ። ልጅቱ ተፈቀደች፣ ምርቃት ሆነ። አቶ ሩቤን ኢንጂነር መሆናቸውን የሰሙት «እንኳን ደስ ያለህ» ሲባሉ ነው።

የሽማግሌ ቃል አይታጠፍም ተባለ። የሠርጉ መጥሪያ ላይም «ኢንጂነር ሩቤን» ተብሎ ታተመ። እሳቸው እህታችንን ስለወደዱ ዝም አሉ። አማታቸው በሚኖሩበት ከተማ ካሜራ ተክሎ መታየት ስለማይሆን ስድስተኛው ፊልም ቀረ። አዲስ አበባ በአንድ የንግድ ድርጅት ቢሮ ተቀጥረው ልጆች አሳደጉ፤ ፊልም ግን ዳግመኛ አልሠሩም።

በ1996 ዓ.ም. ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ከናሆሚና ከይዲድያ ጋር ወደ ካናዳ፣ ካልጋሪ መጡ። መጀመሪያ ራንድል ሰፈር ተከራይተው፣ በኋላም ኮርነርስቶን ሰፈር ቤት ገዝተው ኖሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አየር ማረፊያው ውስጥ በካርጎ ክፍል ሠርተዋል። ኢንጂነር ለምን ካርጎ ይጭናል ብሎ የጠየቀ የለም። ዲግሪውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ታክሲ የሚነዳ ሰው በየቤታችን ስላለ ውሸታችን ተመችቶት ኖረ።

አባታችን በ2001 ዓ.ም. አረፉ። ከዚያ ወዲያ የምንፈራው ሰው አልነበረም። ቢሆንም ቃሉን አላነሳንም። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ኢንጂነር አማች አለን ማለት ደስ ይለን ነበር።

ቤት ሊገዛ ያሰበ ሁሉ «ጋሼ፣ ፕሊስ ቤዝመንቱን አንዴ ቼክ ያድርጉልኝ» እያለ ይወስዳቸው ነበር። ስለ መሠረትና ስለ ግድግዳ የሚያውቁት ነገር የለም፤ መዋሸትም አይወዱም። ስለዚህ ቤቱን ዞረው ዞረው መስኮት አጠገብ ይቆሙና «ጠዋት ብርሃን በዚህ ይገባል፤ እናትህን እዚህ አስቀምጣት» ይሉታል። በዚህ ምክር ቤት የገዛችሁ ዛሬ እዚህ አላችሁ። ቤታችሁን ያዩላችሁ ዳይሬክተር ነበሩ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በካንሰር ታመው ሲረዱ ቆዩ። መስከረም ላይ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ሊሲ የምትባል የኬረላ ልጅ ነርስ ሆና ገባች። እጃቸው ላይ የታሰረውን ስማቸውን አነበበችና ቀጥ ብላ ቆመች። «የ‹ጋቢ› ዳይሬክተር ሩቤን ቫርጊስ እርስዎ ነዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። እናቷ ያንን ፊልም እያሳየች እንዳሳደገቻት ነገረቻቸው።

አቶ ሩቤን መልስ ከመስጠታቸው በፊት ዞር ብለው እህታችንን አዩዋት። አዎ ለማለት ፈቃድ እየጠየቁ ነበር። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ከእኛ ጋር ኖረው፣ በሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው እንኳ፣ የገዛ ሥራቸውን የእኔ ነው ለማለት ፈቃድ ጠየቁ። እህታችን «አዎ በላት፣ ሩቢዬ» ብላ አለቀሰች። እሳቸውም አዎ አሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርን ሁላችን መግቢያ አጣን።

በዚያው ሳምንት ልጆቻቸው «ጋቢ»ን አልጋቸው ላይ ተደግፈው በላፕቶፕ አዩት። አባታቸው ወጣት ሳሉ ሲኒማ እንደሞካከሩ ከመስማት በቀር የሚያውቁት አልነበረም። ይዲድያ «አባ፣ ላይክ፣ ኋይ? ለምን አልነገርከንም?» አላቸው። «ቃሉ የእኔ አልነበረም» ብለው መለሱለት።

አቶ ሩቤን ቫርጊስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፈትለወርቅን፣ ልጆቻቸውን ናሆሚንና ይዲድያን፣ የልጅ ልጃቸውን፣ ኮታያም ያሉ እህታቸውንም ትተውልን ሄደዋል።

ይህን ጽሑፍ ከማተማችን በፊት ለጋሽ ሀይሉ አነበብንላቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ አሁን ከፊታችሁ ተቀምጠዋል። ቅር ይላቸው ይሆን ብለን ፈርተን ነበር። እሳቸው ግን «ጻፉት። ያጠፋሁትን በቁሜ ልስማው» አሉን።

ስለዚህ ወገኖቻችን ሆይ፣ ከቀብር መልስ ስታጽናኑን «ኢንጂነር» እንዳትሉብን አደራ። የሞቱብን ዳይሬክተር ሩቤን ናቸው። ከእንግዲህ ማን እንደሆኑ ለመናገር የማንንም ፊት አያዩም፤ እኛም ይህን ያልነው እሳቸው መስማት በማይችሉበት ቀን ነው። እኛን ይቅር ይበለን፤ የእሳቸውንም ነፍስ ብርሃን በማይጎድልበት ቤቱ ያኑርልን። አሜን።