ፍሪጅ ለይቶ ስለሚያውቀው ኮምፒውተርዎ

ለተከበሩ የጥገኛ ተሕዋስያን ምርምር ተቋም ዋና ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባልደረቦችዎና ለኮምፒውተርዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ለወባ ክትባት ጥናትዎ ደም ከሰጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ በመሥሪያ ቤትዎ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የነበረችው ልጅ አያት ነኝ። ለመቆጣት አቅሙ ስለሌለኝ በምስጋና ብቻ እጽፋለሁ።

አንደኛ፣ በወባ የታመሙትን ሰዎች ደም ካልታመሙት ደም የሚለየውን ምልክት ፈልጎ እንዲያገኝ፣ ክትባቱም በዚያው ምልክት ላይ ተመሥርቶ እንዲሠራ ኮምፒውተር ስላስተማሩ አመሰግናለሁ። ከመቶው ዘጠና ስምንቱን ለይቷል ብለው በቴሌቪዥን ሲናገሩ እኔም አጨብጭቤያለሁ። የታመሙት ደም መብራት በጠፋ ቁጥር በሚሞቀው የኮሪደሩ አሮጌ ፍሪጅ፣ የእኛ የጤነኞቹ ደግሞ ጄኔሬተር ባለው በአዲሱ ፍሪጅ ተቀምጦ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። ለካ ኮምፒውተሩ የተማረው ሞቆ የተበላሸን ደም ካልተበላሸው መለየት ኖሯል። ይህንንማ የቤታችን ድመት ያለ ሥልጠና በወተት ላይ ትሠራዋለች።

ሁለተኛ፣ የልጅ ልጄ ይህን ደርሳበት፣ ደሙ እንደ አዲስ ይቀዳ፣ የሁሉም በአንድ ፍሪጅ ይቀመጥ፣ ኮምፒውተሩም ዳግም ይፈተን ብላ ብታመለክት፣ ከማሽን ልትበልጪ ነው ወይ ብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ስላዛወሯት እግዜር ይስጥልኝ። አሁን በጊዜ ቤት ትገባለች፤ ራት ግን አትበላም።

ሦስተኛው ስለ ደም ቀጂያችሁ የእጅ ክብደት ነበር፤ ደከመኝ፣ ይቅር ብያለሁ።

አራተኛ፣ ክትባቱ በመጪው ወር የሚሞከረው በሰፈራችን ሕፃናት ላይ ነው። ከተመዘገቡት አንዱ ጠዋት ጠዋት ጺሜን ጎትቶ የሚቀሰቅሰኝ የልጅ ልጄ ልጅ ነው። እሱን እንኳ ማስቀረት እንችላለን፤ ተከትቧል ተብሎ ያለ አጎበር የሚያስተኙትን የጎረቤት ልጅ ግን ማን ያስቀርልናል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ከፍሪጅ የተማረ ክትባትም ከወባ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሙከራው ይቆይና ደሙ እንደገና ይመርመር። ክንዴ ዝግጁ ነው።

ደሙን ለሳይንስ፣ አድናቆቱን ለኮምፒውተርዎ ሰጥቶ ለራሱ ዕድሜ ብቻ የቀረው፣ አልጋው ላይ ሆኖ እጅ የሚነሳዎ አክባሪዎ፣
የግምጃ ቤቷ ስታቲስቲሺያን አያት

ሳልረሳው፦ ወባ ፈጽሞ የማይደፍረው ደም ብሎ ኮምፒውተርዎ አንደኛ ያወጣው የእኔን ነበር። ይህን የምጽፈው በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ነው፤ ፊደሌ የተንቀጠቀጠውም ክቡርነትዎን ፈርቼ አይደለም፤ የጤና ጣቢያው ምርመራ ወባ ነው ይላል። እንግዲህ ይምከሩኝ፤ የትኛው ፍሪጅ ውስጥ ልግባ?