ደረጃው መብራት ካገኘ ወዲህ

እታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የእማዬ ዓይንስ እንዴት ነው? ትንሿስ ትምህርት ቤት ስትገባ ማልቀሱን ተወችው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ድምፅህ ሻክሯል፤ ከሰው ርቀሃል» ስትዪኝ ተቆጥቼ ዘጋሁብሽ። ይቅር በይኝ፤ እውነትሽን ነበር። የምኖርበትን ፎቅ አላየሽውም እንጂ ደረጃው መብራት አልነበረውም፣ የመደገፊያው ብረት ተነቅሎ ነበር፣ መግቢያው ላይ ፍሳሽ ተኝቶ ይሸት ነበር። ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን እየሮጥን ገብተን በራችንን እንቆልፍ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የጎረቤቶቼን ፊት አላውቅም ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ከሁለት ወር በፊት ከእኔ በታች የሚኖሩት ጡረተኛ ነርስ ደረጃው ላይ ወድቀው ወገባቸውን ተጎዱ። እየዳኹ ቤታቸው ገብተው ሦስት ቀን ተኙ። እኔ በዚያ በር ስድስት ጊዜ አልፌያለሁ! ያገኘቻቸው ውሃ ቆጣሪ ልታነብ የመጣች ሴት ናት። ጩኸቷን ሰምቼ ወርጄ፣ «ምነው እናቴ፣ ሳልፍ ቢጠሩኝ?» አልኳቸው። «ማን ብዬ ልጄ?» አሉኝ። እታለም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐኪም ቤት አድርሻቸው ስመለስ ከምሠራበት ጋራዥ ቁርጥራጭ ብረት ለምኜ መደገፊያውን መበየድ ጀመርኩ። በልቤ አኩራፊው የምለው የአራተኛ ፎቁ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?» እያለ ወረደ። ብረቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ሽቦና አምፖል ይዞ መጣ። መብራቱ ሲበራ ሰው ከየቤቱ ወጣ። ፍሳሹን ለማስጠገንማ አሥራ አንድ ሆነን የውሃና ፍሳሽ ቢሮ ስንገባ ጸሐፊዋ ልንደባደብ የመጣን መስሏት ደንግጣ ተነሣች። በሳምንቱ ተጠገነ።

አሁን መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። ማታ ማታ መግቢያው ላይ ወንበር ይወጣል፤ ነርሷ በምርኩዝ ወርደው የሁላችንንም ደም ግፊት ይለካሉ። አኩራፊውን ወሬ የሚያስጥለው ጠፍቷል። የእኔ ክፍል ዛሬም ጠባብ ናት፤ ቧንቧዋም ታንጠባጥባለች። ቢሆንም ቤት ልቀይር ያልኩትን ትቼዋለሁ። እንቅልፌም ተመልሷል።

እማዬን ግንባሯን ሳሚልኝ። ለባልሽ፣ ቁመቱ አልፎኛል ለምትዪው ለትልቁ ልጅሽ፣ ለትንሿም ሰላምታዬ ይድረስ። ይህን የምጽፈው ደጅ ተቀምጬ ነው፤ ለእህቴ ነው ብላቸው ሁሉም «የእኔንም ሰላምታ ጨምርልኝ» እያሉ አላስጨርስ ብለውኛል። የሁሉንም ብጽፍ ወረቀቱ አይበቃኝም፤ አንቺው ደምረሽ ተቀበይ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከፎቁ ደጃፍ፣ ጥቅምት 14 ቀን